የጥርሱ ነገር ከአራስ ገንፎው ጋር አብሮ ይግባ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጋዜጣዎ በየሐበሻው ሱቅና ምግብ ቤት ደጃፍ እየተነሣ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚነበብ በመሆኑ፣ እኛ ዘግይተን ያወቅነውን የሕፃናት ጥርስ ጉዳይ ገና ጨቅላ ያቀፉ እህቶቻችን በጊዜው እንዲሰሙት ይረዳል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ቦታ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ሳለ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ አራት የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ተነቀሉ፤ ሁለት መንጋጋዎቹ ደግሞ የብረት ቆብ ተደረገላቸው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ታዝዞ ስለነበር በመኪና ስንሄድ መንገዱን ሁሉ “ውኃ፣ ውኃ” እያለ አለቀሰ። ከማደንዘዣው ሲነቃ ግን አላለቀሰም፤ በምላሱ ጥርሶቹ የነበሩበትን ቦታ ሲዳብስ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየቱ ይኸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ቋሚዎቹ ጥርሶች እስኪበቅሉለት ድረስ ፎቶ በተነሣ ቁጥር ከንፈሩን ይገጥም ነበር፤ አንዳንዱን ፊደል አጥርቶ ለመናገርም ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ይህ የደረሰበት ሳልወደው ወይም ሳልንከባከበው ቀርቼ አይደለም። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ማታ ማታ እሠራ ነበር፤ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ሁለታችን የምንገናኘው በር ላይ ቁልፍ ስንቀባበል ነው። ልጁ ጡጦውን ካልያዘ አይተኛም፤ ለቅሶው ጎረቤት እንዳይረብሽ፣ ደክሞ የገባው አባቱም ትንሽ እንዲያርፍ ሲባል ጡጦው አብሮት ያድራል። አንዳንድ ቀን ወተት፣ አንዳንድ ቀን ስኳር ጣል የተደረገበት አጥሚት፣ ሲያስለው ደግሞ ማር የገባበት ሻይ ነው። ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ከላይኛው ጥርሶቹ ሥር፣ ድዱን ታክኮ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር አየሁ። የወተት ትራፊ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግሁት፤ አልለቅ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ መስመሩ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ተለወጠ። የጠየቅኋቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ “ልጄ፣ የወተት ጥርስ እኮ ነው፤ ይወልቃል” አሉኝ። የደወልሁበት አንድ የጥርስ ሐኪም ቤትም “ሦስት ዓመት ሳይሞላው አናይም” ብሎ መለሰኝ። እኔም በዚህ ተጽናንቼ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጥሁ።

ያ ነጭ መስመር የመቦርቦር መጀመሪያ እንደሆነ የተረዳሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ በአፉ የቀረው ወተት ወይም አጥሚት በላይኛው የፊት ጥርሶች ዙሪያ ተጠራቅሞ ያድራል፤ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ሌሊቱን ሙሉ ሲበላው ያድራል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስ ስለሚሸፍናቸውና ምራቅ ስለሚያጥባቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ በብዙ ልጆቻችን አፍ የላይኛው ጠቁሮ የታችኛው ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሱ መስመሩ ነጭ ሳለ ከተደረሰበት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና ሐኪም በሚቀባው ፍሎራይድ እንደገና ሊጠነክር ይችላል፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። በዚያ ሰሞን የልጄን ከንፈር ገለጥ አድርጎ የሚያይና ያየውንም የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ከዚያ ሁሉ ሥቃይ ይድን ነበር።

“ይወልቃል” የሚሉን ሰዎች አልዋሹም፤ ጊዜውን ግን አይነግሩንም። የፊት ጥርሶች ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ፤ የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። በሁለት ዓመቱ መንጋጋው የተበላ ልጅ በዚያው ጥርስ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያኝክ ነው ማለት ነው። የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል፤ ያለ ጊዜው ከተነቀለ ጎንና ጎን ያሉት ይጠጋጉና ቋሚው መውጫ ያጣል። ደግሞም በስድስት ዓመት ገደማ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት መንጋጋዎች በስተኋላ የሚበቅሉት አራት መንጋጋዎች ቋሚ ናቸው። ብዙዎቻችን የወተት እየመሰሉን ችላ እንላቸዋለን፤ እነርሱ ከተበሉ ምትክ የላቸውም።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አለመሆኑን የምንኖርበት ግዛት በመራራ ሁኔታ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በጎረቤታችን በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የአንድ የ12 ዓመት ልጅ የጥርስ ቁስል ወደ አንጎሉ ዘልቆ ልጁ ሕይወቱ አልፏል። ጥርሱን በጊዜው ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተጽፏል። የቤተሰቡ ሜዲኬድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን፣ ተቋርጦ ነበር፤ ሜዲኬድ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ማግኘትም በዚያ ዘመን ጭንቅ ነበር። ከዚያ ሐዘን በኋላ ሜሪላንድ የልጆችን የጥርስ ሕክምና አሠራር ለወጠች፤ በ2009 ሄልዚ ስማይልስ የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ዛሬ ሜዲኬድ ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ የጥርስ ሕክምናው ይሸፈንለታል፤ ሜዲኬድ ለማይፈቀድላቸው ልጆች ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲያችን ኬር ፎር ኪድስ የተባለ ፕሮግራም አለው። ይህ ሁሉ እያለ ልጆቻችን በማደንዘዣ እየተኙ ጥርሳቸው የሚነቀለው ወሬው ለእናቶች የሚደርሰው የሐኪሙ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለሆነ ነው። እኔ የምለው ወሬው ከዚያ በፊት፣ ገና ሕፃኑ አንድ ጥርስ ሳያወጣ፣ አራስ ቤት ይድረስ ነው፤ የሚያደርሰውም ሌላ እናት ይሁን።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ በምንኖርበት ሕንፃ የምትኖር አንዲት እህት ወልዳ፣ ገንፎ ይዤ አራስ ልጠይቅ ገባሁ። አንዷ አጥሚት ታማስላለች፣ አንዷ ልብስ ታጥፋለች፣ አንዷ ሕፃኑን ታቅፋለች። ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ወገብ መታሰር፣ ስለ ሆድ ቁርጠት ሁሉም የምታውቀውን ትሰጣለች። ጥርስን ግን ማንም አላነሣም፤ ሕፃኑ ገና ጥርስ የለውማ! የልጄን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዷ “የኔም እንዲሁ ነው” አለች፤ ቀጥላ ሌላዋ። ከተቀመጥነው ስድስት ሴቶች ሦስታችን ለማንም ሳንናገር በሆዳችን ይዘነው ኖረናል። ጥርሱ የተበላ ልጅ እናት “ሰነፍ ናት” ትባላለችና አፍረን ነው ዝም ያልነው።

ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ከዚያ በየተራ እናያቸዋለን። ሁለት እናቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ ጭኗ ላይ ይቀመጥና ወደ ኋላው ጋደም ሲል ራሱ በሁለተኛዋ ሴት ጭን ላይ ያርፋል። እናቱ እጆቹን ይዛ ታጫውተዋለች፤ ሁለተኛዋ የላይኛውን ከንፈር በጣቷ ገለጥ አድርጋ በስልክ መብራት ታያለች። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ለብቻ ግን አይሆንም። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መድኃኒትም አንሰጥም። ነጭ መስመር ወይም ቡናማ ነጥብ ካየን ግን የዚያች እናት ቀጠሮ እስኪያዝ ድረስ አንተዋትም። ባለፈው ዓመት በአንዲት የአሥራ አራት ወር ሕፃን ጥርስ ላይ ያን ኖራ የመሰለ መስመር አይተን፣ በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ፍሎራይድ ተቀባች። አሁን ሁለት ዓመቷን አልፋለች፤ አንድም ጥርሷ አልተቦረቦረም።

ለአዲስ እናት የምንነግራት ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጥርስ፣ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ገደማ፣ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሻል፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ሦስት ዓመት እስኪሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማታ ከተቦረሸ በኋላ ከውኃ በቀር ወደ ጡጦው የሚገባ ነገር የለም። የመጀመሪያ ልደቱን ሳያከብር የጥርስ ሐኪም ይየው። ጁስ አንድ ዓመት ላልሞላው ጭራሽ አይሰጥም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለውም በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መክሯል። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከጥርስ ውጭ በሌላ ከባድ ምክንያት የተከለከለ ነው፤ ለአራስ ልጅ የምናልሰው ካለ መተው አለበት።

መናገሩ ቀላል ነው፤ ጡጦ ማስጣሉ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። እንቅልፍ ያጣች እናት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጇ ሲያለቅስ ምክራችንን ማስታወስ አትችልም። ስለዚህ ጡጦ የምታስጥል እናት በዚያ ሳምንት ብቻዋን አትሆንም፤ በየቀኑ ወተቱን በውኃ እያቀጠነች በስምንት በአሥር ቀን ንጹሕ ውኃ እስክታደርሰው ድረስ ከመካከላችን አንዷ ሌሊት ስልኳን አትዘጋም። አንዲት የማታ ሠራተኛ እህታችንማ ልጇን ለአራት ሌሊት እኔ ጋ አሳድራው ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ውኃውን ጠጥቶ ፊቱን አዙሮ ተኛ።

ስለ ፍሎራይድ አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ መካከል ወንጂ ተወልዳ ያደገች እናት አለች፤ ፍሎራይድ የሚለውን ቃል ስትሰማ ተቆጣች። እውነቷን ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ያደጉ የወንጂ፣ የመተሐራ፣ የዝዋይ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የቀረው በፍሎራይድ ብዛት መሆኑን ማንኛችንም እናውቃለን። እንዲያ ላለ ሰው “ፍሎራይድ ጥሩ ነው” ብሎ ማለፍ መናቅ ነው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ላይ መሆኑን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ፤ በአሜሪካ ለቧንቧ ውኃ የሚመከረው ደግሞ 0.7 ሚሊግራም ነው። ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ብቻ እንዲያክል የሚባለውም ሕፃን ስለሚውጠው ነው። ዛሬ ለሚመጣ አዲስ ሰው የሩዟን ፍሬ በብሩሽ ላይ አድርጋ የምታሳየው እርሷ ናት።

አያቶችንም መርሳት አይገባም። ብዙዎቻችን እናቶቻችንን ከአገር ቤት ለስድስት ወር አስመጥተን ልጅ የሚይዙልን እነርሱ ናቸው፤ ጡጦውን የሚያዘጋጁትም እነርሱ ናቸው። ለእናቲቱ ብቻ ነግሮ አያቲቱን መተው ከንቱ ድካም ነው። አንዲት እማማ መጀመሪያ የመጡ ቀን “እኛ በመፋቂያ አድገን ጥርሳችን ይኸው!” ብለው ተከራከሩን፤ መፋቂያው መልካም መሆኑን፣ ያኔ ግን ጡጦና ጁስ በቤታቸው እንዳልነበረ ስንነግራቸው ዝም አሉ። በሌላ ቅዳሜ ራሳቸው አነሡት፤ በሰፈራቸው ሕፃን ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዘው የድዱን እብጠት በስለት ወይም በጥፍር ከፍተው የወተት ጥርስ ያስነቅሉ እንደነበር፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ይህ እንደተደረገባቸው፣ አንደኛው ቋሚ ጥርሱ ጠማማ ሆኖ እንደወጣ ነገሩን። ያ ነጭ እብጠት ገና ያልወጣ ጤነኛ ጥርስ ነው፤ የተቅማጡ ምክንያትም እርሱ አይደለም። ድርጊቱ ለቁስልና ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል። እማማ ይህን ከሐኪም በራሪ ወረቀት ሳይሆን ከራሳቸው ልጆች አውጥተው ሲነግሩ የሰሙት ወጣት እናቶች ሁሉ ተቀብለዋቸዋል።

በራሪ ወረቀቶቹን ካነሣሁ ዘንድ ቅሬታዬንም ልናገር። በእጄ ከገቡት አንዱ ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ በምራቅ እንደሚተላለፍ ይገልጽና ከልጅ ጋር ማንኪያ አትጋሩ ይላል። መተላለፉ እውነት ነው። ነገር ግን ከአንድ መሶብ ለምንበላ፣ ጉርሻ ለምንጎራረስ ሕዝብ ይህ ምክር ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ወረቀቱን ያስጥላል። በእኔ እምነት የሚሻለው እናቲቱ የራሷን ጥርስ እንድታስታክም መርዳት ነው፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሜሪላንድ ሜዲኬድ ያላቸውን አዋቂዎች የጥርስ ሕክምናም ትሸፍናለች። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች በሕመም ማስታገሻ እየዋሉ ያድራሉ! አኝኮ ማጉረሱ ግን ቢቀር ይመረጣል።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። አንዲት እህታችን የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ አንድ ክሊኒክ ስትሄድ አስተርጓሚ የሆነችላት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ነበረች። ሐኪሙ ስለ ሙሉ ማደንዘዣ ሲያስረዳ ልጅቷ ቃሉን አጥታ “እማዬ፣ ሊያስተኙት ነው አሉ” ብላ ተረጎመች፤ እናቱም ሆስፒታል ሊያስተኙት መስሏት ልጁን አንሥታ ወጣች፤ ሕክምናው ስድስት ወር ዘገየ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲያዝ “የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ማለት በቂ ነው። በዋሽንግተን ዲሲም የከተማው መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል። የመኖሪያ ፈቃዷ እንዳይበላሽ ፈርታ የልጇን ሜዲኬድ የተወችም አለች፤ እንዲህ ያለው ነገር የሕግ ባለሙያ ተጠይቆ እንጂ በቡና ላይ ወሬ አይወሰን። ጎረቤት ልጁን ወደ ቀጠሮ የምትወስድ ከሆነም ወላጅ በጽሑፍ መፍቀድ ስላለበት ወረቀቱን አስቀድሞ ከክሊኒኩ መውሰድ ይገባል፤ እኛ ሁለት ጊዜ በር ላይ ከተመለስን በኋላ ነው ያወቅነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎ በወር አንድ ጊዜ እንኳ በመካከላችን ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ስለ ሕፃናት ጥርስ በአማርኛ የሚጽፉበት አምድ ይክፈትልን። የእድርና የማኅበር መሪዎች ከወርኃዊ ስብሰባቸው ግማሽ ሰዓት ይስጡን። በሰንበት ትምህርት ቤትና በመድረሳ ልጆችን የሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶች ጎበዝ ልጅ በከረሜላ መሸለማቸውን በእርሳስ ወይም በደብተር ይተኩልን። ሐኪሞቻችን ደግሞ በዓመት አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ፤ ከንፈር ገልጠን የምናየውን በትክክል ማየታችንን ያርሙን። አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ እህቶችም ከገንፎው ጎን አንዲት ትንሽ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ አኑሩ። እኔ ሁልጊዜ የምወስደው ቢጫውን ነው፤ እናቲቱ “ጥርስ እንኳ የለውም እኮ!” ብላ ትስቃለች፤ ያኔ ነው አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምነግራት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ